ማማሰያዋን ለእንዝርቱ ስለመዳር የተደረገ ክርክርና ውሳኔ

የጠፉ የቤት ዕቃዎችን አፈላላጊ ጊዜያዊ ኮሚቴ
የአንደኛው (እግዜር ቢል የመጨረሻውም) ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዛሬ እሑድ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ፣ የካቲት ፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር በሚገኘው አፋፍ ሰፈር፣ በዕድሩ ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ ኮሚቴው ተሰብስቧል። ስብሰባው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነበር። በሰፈራችን ስምንት ሰዓት ማለት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ስለሚታወቅ የዘገየ ሰው የለም።

የተገኙ፦

፩. አቶ ቢያድግልኝ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ሰብሳቢ
፪. ቄስ ኒቆዲሞስ፣ የደብራችን አገልጋይ
፫. ወይዘሮ ካሰች፣ ማማሰያ የጠፋባቸው፣ አቤቱታ አቅራቢ
፬. እማማ ወለተ ሥላሴ፣ እንዝርት የጠፋባቸው፣ የወይዘሮ ካሰች የአጥር ጎረቤት
፭. አቶ ዓባይነህ፣ አናጢ
፮. አቶ አህመዲን፣ ባለሱቅ
፯. ወልደሩፋኤል፣ ጸሐፊ፣ ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የተገለለ፣ ድምፅ የመስጠት መብት ያለው፣ የሚሰማው ግን የሌለ

ያልተገኙ፦ አቶ ንጉሡ። ቀበቶአቸው የሙሽራ በቅሎ ልጓም ሆኖ ስለተወሰደ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘው ሰው ፊት መቅረብ እንደማይሆንላቸው ልከው በፈቃድ ቀርተዋል።

ከስምንት አባላት ሰባት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የዕድሩ ድንኳን በተቀደደ ጊዜ ለተጠራው ስብሰባ ሦስት ሰው ብቻ መምጣቱን ጸሐፊው ያስታውሳል። ለማማሰያ ሲሆን ግን ሰው ይመጣል። የአግዳሚ ወንበሩ አንድ እግር ከጠፉት ዕቃዎች አንዱ በመሆኑ አባላቱ ሁሉ ወደ ግራ አዘንብለው ተቀምጠዋል።

ሰብሳቢው ሦስት አጀንዳ አቀረቡ፦ ስለ ጠፉት ዕቃዎች፣ ስለ አመላለሳቸው፣ ልዩ ልዩ። ጸሐፊው «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ብዙ ቤት ማፍረሱን በሥራ ዘመኑ አይቻለሁ ብሎ እንዲሰረዝ ጠየቀ። አልተሰማም።

አጀንዳ ፩፦ ስለ ጠፉት ዕቃዎች

ሰብሳቢው እንደገለጹት፣ የሰፈሩ ልጆች በየዓመቱ የሰርግ ወራት ሲገባ አሻንጉሊት መዳራቸው የታወቀ ነው። ሌላ ጊዜ የበቆሎ ቆረቆንዳ በእራፊ ጨርቅ ጠቅልለው ሁለት ጊዜ እልል ካሉ ይበቃቸው ነበር። ዘንድሮ ሥራው ሰፍቷል። ከጥምቀት ወዲህ ዕቃ ያልጎደለበት ቤት የለም። ሰው ማንኪያ ሲያጣ «ሚዜ ሆኖ ይሆናል» ማለት ጀምሯል። ከራሳቸው ቤት ሦስት ማንኪያ ሚዜ ሆኖ በመሄዱ ቤተሰቡ ገንፎ በፈረቃ እየበላ መሆኑን ሰብሳቢው በኀዘን አስረዱ።

ቄስ ኒቆዲሞስ ጃንጥላቸውን፣ አቶ ዓባይነህ የአናጢ እርሳሳቸውን አጥተዋል። አቶ አህመዲን ከሱቃቸው በር ባዶ የዘይት ጀሪካን ጠፍቷቸው ነበር። በማግስቱ ጀሪካኑ በአራት የጣሳ ክዳን እየተንከባለለ፣ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» እየተባለለት በፊታቸው አለፈ። እርሳቸውም ሳያስቡት መንገድ ለቀውለታል።

የጸሐፊው ክራቫትም ጠፍቷል። ይህ ክራቫት ለጡረታ ሽኝቱ የታሰረና ከዚያ ወዲህ ያልተፈታ ነበር። ሰብሳቢው በዚህ ላይ ውይይት አያስፈልግም አሉ።

ወይዘሮ ካሰች ተነስተው ሲናገሩ፣ ማማሰያቸው ከጠፋ ሳምንት ሊሞላው መሆኑን፣ ዛሬ ደግሞ ቅበላ መሆኑን፣ ነገ ጾም እንደሚገባ፣ የቅበላው ዶሮ አሁን እሳት ላይ እንዳለና በመጥረጊያ እንጨት እየተማሰለ መሆኑን፣ ወጡም መጥረጊያ መጥረጊያ ማለት መጀመሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስረዱ። እማማ ወለተ ሥላሴ የካሰች ወጥ ችግር ድሮም ቢሆን ከማማሰያው እንዳልነበረ ተናገሩ። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ። እማማም እንግዲያው አጀንዳ ውስጥ ይግባልኝ አሉ። ድምፅ ተሰጥቶበት ሳይገባ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ለጥቂት ጊዜ ባንድ ላይ ስለተናገሩ ጸሐፊው የተባለውን ሊለይ አልቻለም። የለየውን ደግሞ መጻፍ አይገባውም።

ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ውሳኔ ፩። የጠፉት ዕቃዎች በሙሉ ያሉበት ተፈልጎ ከእራት በፊት ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ።

ዕቃዎቹ ያሉበትን መፈለግ ብዙ አላደከመም። ከእማማ ወለተ ሥላሴ ጓሮ የከበሮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ኮሚቴው በሙሉ ለመስክ ምልከታ ወደዚያው ወረደ።

ጸሐፊው ያየውን ይመሰክራል። የቄስ ኒቆዲሞስ ጃንጥላ ተዘርግቶ ዳስ ሆኗል። ከዳሱ ሥር ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሙሽሪት የወይዘሮ ካሰች ማማሰያ ናት። ፊቷ በከሰል ተኩሏል፣ ጸጉሯ የጥቁር በግ ሱፍ ነው፣ ሹሩባም ተሠርታለች። የለበሰችው ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት ሲሆን አንገቷ ላይ የሽንብራ ዶቃ አለ። ሙሽራው የእማማ ወለተ ሥላሴ እንዝርት ነው። ክብ የቀንድ ራሱ ባርኔጣ መስሎለት፣ የጸሐፊውን ክራቫት እንደ ካባ ደርቦ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሦስቱ ማንኪያዎች ነጭ ክር አስረው ከኋላው ተሰልፈዋል። የአግዳሚው እግር የሙሽሪት ወንድም ሆኖ በር ላይ ቆሞ «አናስገባም ሰርገኛ» ይላል፣ ማለትም ልጆቹ ይሉለታል። በክብሪት እንጨት አራት እግር የተተከለለት አንድ ትልቅ ድንች ወደ ጎን ተጋድሟል። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሰርጉ በሬ መሆኑና መታረዱ ተገለጸ።

ጸሐፊው ብዙ መሥሪያ ቤት አይቷል። እንዲህ የተደራጀ ሥራ አላየም። በክራቫቱ የተናደደውን ያህል በክራቫቱ አለባበስ ደስ ብሎታል፣ ይህም ይመዝገብ።

በቦታው የነበሩት ልጆች ብዙ ቢሆኑም ኀላፊዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ የወይዘሮ ካሰች ልጅ ሐረግ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ማማሰያዋን ሙሽራ አድርጋ ያስጌጠች፣ ራሷን «የሙሽሪት እናት» ብላ ያስተዋወቀች። ሁለተኛዋ የእማማ ወለተ ሥላሴ የልጅ ልጅ ሰብሌ፣ የሙሽራው እናት። ሁለቱ ሙሽሮቻቸውን ታቅፈው ከኮሚቴው ጋር ወደ በረንዳው እንዲወጡ ተደረገ።

አጀንዳ ፪፦ ስለ ዕቃዎቹ አመላለስ

ወይዘሮ ካሰች እጃቸውን ወደ ማማሰያዋ ሲዘረጉ ሰብሌ ሙሽራ በእጅ አይነካም ብላ ጮኸች። አቶ አህመዲንም የታጨች ልጅን ከእጮኛዋ ጎን ጎትቶ መውሰድ በክርስቲያኑም በእስላሙም ነውር ነው ሲሉ ደገፏት። ወይዘሮ ካሰች «ወላሂ እንጨት ነው! የገዛ ማማሰያዬ ነው!» አሉ። እማማ ወለተ ሥላሴ ደግሞ የልጃቸውን እጮኛ እንጨት ማለት ልጃቸውን መናቅ መሆኑን፣ የእንዝርት ቤት እንኳን ከማማሰያ ከማንም እንደማያንስ፣ አገሩን ያለበሰው እንዝርት እንጂ ማማሰያ አለመሆኑን ገለጹ። ወይዘሮ ካሰች የለበሰው አገር ምን በልቶ እንደቆመ እንዲነገራቸው ጠየቁ።

ሰብሳቢው ነገሩን ለማብረድ ያቀረቡት ሐሳብ ነው በኋላ ያባባሰው። ጋብቻው ሕጋዊ ከሆነ ኮሚቴው ሊያፈርሰው አይችልም፣ ሕጋዊ ካልሆነ ማማሰያዋ ትመለሳለች፣ ስለዚህ አስቀድሞ ሕጋዊነቱ ይጣራ አሉ። ሁሉም ይህ ብልህ ሐሳብ ነው አለ። ጸሐፊው የማማሰያን ጋብቻ ሕጋዊነት የማጣራት ሥልጣን ለኮሚቴው ማን እንደሰጠው ጠይቆ ነበር። አልተሰማም።

በመጀመሪያ ሽማግሌ ተልኮ እንደሆነ ተጠየቀ። ሰብሌ የበቆሎ ጺም ያበቀሉ ሦስት ቆረቆንዳዎች መላካቸውን፣ ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ተብለው መመለሳቸውን፣ በሦስተኛው እሺ መባላቸውን ተናገረች። ሰብሳቢው ሽማግሌ ተመላልሶ ካልደከመ ሽምግልና አይባልም፣ አበጃችሁ አሉ።

ሁለተኛ፣ አቶ አህመዲን ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ እንደሆነ ጠየቁ። ልጃቸው ኡምኩልሱም ሌላ ድንች ለብቻ ማረዷንና ቢስሚላህም ማለቷን ሰብሌ አረጋገጠች። አቶ አህመዲን «አልሀምዱሊላህ» ብለው ልባቸው ሞልቶ ተቀመጡ። በመቀመጣቸውም አግዳሚው በጣም አዘነበለ።

በሦስተኛው ጥያቄ ነገሩ ተበላሸ። ሰብሳቢው የሙሽሪት ዕድሜ ስንት ነው አሉ። አቶ ዓባይነህ ማማሰያዋን ራሳቸው እንደጠረቧትና ከተጠረበች አራት ዓመት እንደሚሆናት መሰከሩ። ታላቅ ሁከት ሆነ። ሰብሳቢው ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለችን መዳር ሕግ እንደሚከለክል፣ በዕድሩም ስብሰባ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቃቸውን፣ አሁን ግን ይኸው በዓይናቸው ሥር የአራት ዓመት ሕፃን ልትዳር መሆኑን ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እማማ ወለተ ሥላሴ «እግዚኦ» አሉ።

አቶ ዓባይነህ ሕዝቡን ለማረጋጋት፣ የእንጨት ዕድሜ የሚቆጠረው ከተጠረበበት ሳይሆን ከበቀለበት ቀን መሆኑን በሙያቸው አስረዱ። ማማሰያዋ የተቆረጠችበትን ወይራ የተከሉት አያታቸው ነበሩ፣ ስለዚህ ሙሽሪት ከስድሳ ዓመት በላይ ናት። ኮሚቴው እፎይ አለ። እማማ ወለተ ሥላሴ ግን «ለልጄ አሮጊት ልታስታቅፉት ነው?» ብለው ተነሱ።

አቶ ዓባይነህ እሳቸውንም ለማረጋጋት ፈለጉ። ሰው ሁሉ እንዲረጋጋ የሚፈልግ ሰው አደገኛ ነው። «አብሽሩ እማማ፣ እኩያ ናቸው። እንዝርቱንም የጠረብኩት ከዚያው ከአንዱ ወይራ ነው» አሉ።

እስካሁን ምንም ሳይናገሩ የቆዩት ቄስ ኒቆዲሞስ ቀና ብለው «ከአንዱ ወይራ?» አሉ።

«አዎን አባ።»

«ዝምድናቸው ተቆጥሯል?»

አልተቆጠረም ነበር። ሽማግሌ ተልኳል፣ በሬ ታርዷል፣ ሚዜ ቆሟል፣ ሰባት ቤት ግን የቆጠረ ሰው የለም። ይህ በአፋፍ ሰፈር ተደርጎ የማያውቅ ስሕተት ነው። ቄስ ኒቆዲሞስ ጣታቸውን ዘርግተው እዚያው መቁጠር ጀመሩ። በሙሽሪት በኩል ግንድ፣ ከግንድ ዋና ቅርንጫፍ፣ እዚያ ላይ ማማሰያዋ ተቆረጠች። በሙሽራው በኩል ግንድ፣ ዋና ቅርንጫፍ፣ ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ጭራሮ፣ እዚያ ላይ እንዝርቱ ተቆረጠ። ቢጎተት ቢለጠጥ ከአራት ቤት አላለፈም። አቶ ዓባይነህ ጭራሮው ሁለት ቦታ ጎበጥ ያለ ስለነበር እንደ ሁለት ቤት ይቆጠርልኝ ብለው ለመኑ። ቄሱ ጉብጥና ትውልድ አይሆንም አሉ።

አቶ አህመዲን በእነርሱ በኩል የአጎት ልጅ እንኳ እንደማይከለከል፣ ከተቸገራችሁ ሰርጉን እኛ ጋ እናድርገው ሲሉ በቅን ልቦና አቀረቡ። ኮሚቴው በአክብሮት አመስግኖ አለፈው።

አቶ ዓባይነህ የእንዝርቱ ራስ የበሬ ቀንድ መሆኑን፣ ስለዚህ በአንድ ወገን ባዕድ መሆኑን አስታወሱ። ቀንዱ የማን በሬ ነው ተባለ። ሰብሳቢው ያረጀው በሬያቸው ቀንድ መሆኑን አወቁት፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ወዲያው የሙሽራው ወገን መሆናቸውን አስታውቀው ከሰብሳቢነት ቦታቸው ተነስተው በእማማ ወለተ ሥላሴ ጎን ተቀመጡ። ጸሐፊው የሰብሳቢው ገለልተኝነት ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። «ደም ነው፣ ምን ላድርግ» የሚል መልስ ተሰጠው።

ረጅምና አድካሚ ውይይት ከተደረገ በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ውሳኔ ፪። ማማሰያዋና እንዝርቱ ሥጋ ዘመዳሞች ስለሆኑ ጋብቻው ፈርሷል። ሙሽሪት ግን ተኩላ፣ ተሸልማ፣ በሬ ታርዶላት ባዶዋን አትመለስም። ሌላ ሙሽራ ይፈለግላት።

ለሙሽራነት ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ። አቶ አህመዲን የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠቆሙ። ቁመናው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አገሩና ዘሩ የማይታወቅ፣ ውስጡም ባዶ ነው ተብሎ ተተቸ። ወይዘሮ ካሰች እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አደረጉ። ማማሰያዬን መልሱ ሲሉ የቆዩት ሴት «ልጄን ለባዶ ጠርሙስ አልሰጥም» አሉ።

እማማ ወለተ ሥላሴ የጸሐፊውን እስክሪፕቶ ጠቆሙ። ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤ በምን ይጻፈው ብሎ ተቃወመ። እማማ ያን ያህል የሚጻፍ ነገር እንዳልተባለ ገለጹ።

ሦስተኛው ዕጩ የቄስ ኒቆዲሞስ ቤት ዘነዘና ነው። ጠንካራ፣ ቁም ነገረኛ፣ ከጥሩ ቤት የወጣ መሆኑ ተመሰከረለት። ይሁን እንጂ ሙቀጫው ባለፈው ክረምት ስለተሰነጠቀችበት ፈት ነው። ከኀዘኑ መውጣት አለመውጣቱ አከራከረ። ቄሱ በቤቱ ጥግ ቆሞ ሲያዩት አንጀታቸውን እንደሚበላው፣ ቢያገባ ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። ድምፅ ሲሰጥ ዘነዘናው በአብላጫ አሸነፈ። በመካከሉ የሙሽሪትን እናት የጠየቀ ሰው አለመኖሩን ጸሐፊው አሁን ሲጽፍ ነው ያስተዋለው።

ውሳኔ ፫። ሙሽሪት ለዘነዘናው ትሰጥ። አዲስ ሙሽራ አዲስ ሽማግሌ ስለሚያስፈልገው፣ ሽማግሌውም ሦስት ጊዜ መመላለስ ስላለበት፣ ነገም ጾም ስለሚገባና በጾም ሰርግ ስለሌለ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።

ጸሐፊው በውሳኔ ፩ መሠረት ዕቃው ሁሉ ከእራት በፊት ይመለሳል ከተባለ ከፋሲካ በኋላ የሚዳረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ተቀመጥ ተባለ። ተቀምጦ ነበር።

አጀንዳ ፫፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ሌላ ነገር ያለው አለ ወይ ሲሉ ሰብሌ እጇን አወጣች። «አባ፣ ዝምድና ያሉት... እንጨት እኮ ናቸው» አለች።

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ነገር ወይዘሮ ካሰች በአጀንዳ ፪ መጀመሪያ ተናግረውት እንደነበር ቃለ ጉባኤው ያሳያል፤ በመካከሉ ማን እንደረሳው ግን አያሳይም። ቄስ ኒቆዲሞስ ጺማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው። እርሳቸው ሲስቁ አቶ አህመዲን ሳቁ፣ አቶ አህመዲን ሲስቁ አግዳሚው ተነቃነቀ፣ አግዳሚው ሲነቃነቅ ኮሚቴው በሙሉ ተያይዞ መሬት ወረደ። ጉዳት አልደረሰም። ስብሰባው ከመሬት ቀጥሏል።

ያልሳቀችው ሐረግ ብቻ ናት። ማማሰያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሰብሳቢው አቧራቸውን እያራገፉ «አንቺስ የሙሽሪት እናት፣ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ምን አለበት?» አሏት። የመለሰችውን ጸሐፊው እንዳለ ጽፎታል፣ ሊያሳጥረው ሞክሮ እጁ አልታዘዘለትም፦

«ከፋሲካ በኋላ እኔ የለሁም። ነገ ጠዋት በሚኒባስ ኩታበር አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፣ እዚያ ነው የምማረው። መቼ ነው የምመለሰው ብዬ እማዬን ስጠይቃት ‹እናያለን› አለችኝ። ልጄን ዛሬ ከዳርኳት ግን መልስ አለ። መልስ የሚጠራው የሙሽሪት ቤት ነው፣ እናቷ ደግሞ እኔ ነኝ። እናት ሳትኖር መልስ ይጠራል? አይጠራም። ስለዚህ የግድ ታመጡኛላችሁ።»

አቶ ዓባይነህ እርሳስ እንደሚፈልግ ሰው ኪሳቸውን ዳሰሱ። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። ልጅቱ ጃንጥላ የሰረቀችው፣ ድንች ያረደችው፣ ሰፈሩን ሁሉ ያመሰችው የምትመለስበት ምክንያት ለመሥራት ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ይህን አላሰቡላትም ነበር። ጸሐፊው በዚህ አፍሯል።

ወይዘሮ ካሰች ከመሬት ሳይነሱ መናገር ጀመሩ። ኩታበር ያለችው እህታቸው ልጅ የላትም፣ ብቻዋን ናት፣ «አንዷን ስጪኝ፣ አስተምራታለሁ» ስትል ስንት ጊዜ ለምናቸው እሺ አሉ። እሺ ያሉበትን ቀን እንጂ ልጅቱ የምትመለስበትን ቀን አልተነጋገሩም። ልጅቱ ስትጠይቃቸውም የሚሉት ስላጡ ነው «እናያለን» ያሏት። ከዚያ ቃል በቃል እንዲህ አሉ፦ «ማማሰያ እንደሆነ ገበያው ሞልቷል። ሳምንቱን ሙሉ በማማሰያ የጮኽኩት፣ ልጄ ልትሄድ ነው ብዬ መጮኽ አፍሬ ነው።»

እማማ ወለተ ሥላሴ ተጠግተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ትከሻቸውን ይዘው «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ። ወጥሽም እኮ መጥፎ አይደለም» አሉ። ወይዘሮ ካሰች እያለቀሱ ሳቁ። ይህ ከአጀንዳ ውጭ ቢሆንም ሰብሳቢው ዝም አሉ።

ቄስ ኒቆዲሞስ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለሰው ልጅ መሆኑን፣ ስለ ወይራ የሚናገር ነገር የትም እንዳላነበቡ፣ ቆጠራውን የጀመሩት እርሳቸው ስለሆኑም ይቅርታ እንደሚጠይቁ ተናገሩ። የዘነዘናውን ነገር ግን ቤታቸው ገብተው በዝግታ እንደሚነግሩት ቃል ገቡ።

አጭር ውይይት ተደርጎ፣ በአፋፍ ሰፈር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦

ውሳኔ ፬። ውሳኔ ፩፣ ውሳኔ ፪ እና ውሳኔ ፫ ተሽረዋል። ኮሚቴው እስካሁን የወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ዕቃ አይመለስም። ዝምድና የለም። ዘነዘናው ከነክብሩ ነጻ ነው። ማማሰያዋ ለእንዝርቱ ዛሬውኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትዳር። ለወይዘሮ ካሰች ዶሮ እማማ ወለተ ሥላሴ የራሳቸውን ማማሰያ ያውሱ። መልሱ ለዳግማይ ትንሣኤ በወይዘሮ ካሰች ቤት ይሁን። የሙሽሪት እናት ሐረግ በሌለችበት የሚጠራ መልስ መልስ አይባልም። ስለዚህ አቶ አህመዲን የሱቅ ዕቃ ለመጫን ደሴ ሲወርዱ ኩታበር ድረስ ዘልቀው ልጅቱን ራሳቸው ያምጧት። አቶ አህመዲን «ኢንሻአላህ፣ በራሴ ላይ ይሁን» ብለዋል። ያኔ ጾሙም ረመዳኑም ስለሚያልፍ ሁሉም አብሮ እንደሚበላም አሳስበዋል።

ጸሐፊው ክራቫቱን በተመለከተ ያቀረበውን አቤቱታ አንስቷል።

ሐረግ ውሳኔው እንዲነበብላት ጠየቀች፣ ተነበበላት። «ለዳግማይ ትንሣኤ» የሚለውን ደግሞ እንዲነበብላት ጠየቀች፣ ተነበበላት። ከዚያ ማማሰያዋን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ወደ ዳሱ እየሮጠች ወረደች፣ ሰብሌም እልልታዋን እየለቀቀች ተከተለቻት።

ሰብሳቢው በሙሽራው ወገን ሊቀመጡ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወይዘሮ ካሰችን እርስዎስ የት ይቀመጣሉ አሏቸው። ወይዘሮ ካሰች የሙሽሪት አያት መሆናቸውን፣ ቦታቸውም ከሙሽሪት እናት ጎን መሆኑን፣ ዛሬ ልጅቱ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ከዚያ ቦታ የሚያስነሳቸው ሰው እንደሌለ አስታወቁ። ዶሮውን ማን ያማስለው ሲባል «ይረር» ብለው ሄዱ።

ሌሎቹም ተከትለዋቸው ስለወረዱ ምልዓተ ጉባኤው ፈርሷል፣ ስብሰባውንም የሚዘጋ ሰብሳቢ አልተገኘም። በዚህ ምክንያት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸሐፊው ብቻውን ዘግቶታል። ሰርጉ ስለሚያመልጠው ፊርማውን አሳጥሯል።

ወልደሩፋኤል፣ ጸሐፊ